የተጣመመው መሪ

ርዕሱን አይታችሁ «ሲስተር ደግሞ በስተርጅና ፖለቲካ ጀመረች እንዴ?» ያላችሁ ካላችሁ ተረጋጉ። የማወራችሁ ስለ ሞተር ሳይክል መሪ ነው፤ ነጂው በሁለት እጁ ጨብጦ ስለሚይዘው ብረት። ዕድሜዋን በመርፌና በጀሶ መሐል ያሳለፈች ጡረተኛ ነርስ ስለ ሞተር መሪ ምን ታውቃለች ብትሉኝ፣ እስካለፈው ክረምት ድረስ ምንም አላውቅም ነበር። የተማርኩት ከትንሹ ልጄ ነው። እሱም ከእኔ አንድ ሁለት ነገር ሳይማር አልቀረም።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ልጄ ከባለቤቱና ከሦስት ዓመት ሴት ልጁ ጋር አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ ይኖራል። አንድ ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ እነሱ ዘንድ ገና አመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮኽ የእናት ልብ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ምራቴ ነበረች።

«እማማ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት፤ ሁላችንም ደህና ነን» አለችና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ሞተር ገዝቷል። ለሥራ መሄጃ እንዳይመስልዎት፤ የሚሽቀዳደሙበት ዓይነት ነው። ቅዳሜ ሲሆን ወደ መሮጫ ሜዳ ይዞት ይሄዳል። እኔ ብዬው ብዬው ደከመኝ። ሲመጡ እርስዎ ይምከሩልኝ፤ የእርስዎን ቃል አይጥልም» አለችኝ።

ጉዞዬ ቀድሞም የተቆረጠ ነበር። ሻንጣዬን ስሸክፍ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አንድ ቃል ይዤ ሄድኩ፤ «ተው» የሚል። በሥራ ዘመኔ አጥንት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከሞተር የወደቁ ልጆችን ቁስል አጥቤያለሁ፣ ጀሷቸው እስኪደርቅ እግራቸውን ደግፌ ቆሜያለሁ። እናቶቻቸው ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ አይቻለሁ። ያቺን ኮሪደር የሚያውቅ ሰው ልጁን ሞተር ላይ ማየት አይወድም።

በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ልጄ የመኪና ማሳደሪያቸውን ከፍቶ አሳየኝ። ቀይ ሞተር ነው፣ 600 ሲሲ። ስፖኪዮ የለውም፣ የፊት መብራት የለውም፣ ታርጋ የለውም።

«ይሄ እንዴት ሆኖ ነው መንገድ ላይ የሚነዳው?» አልኩት።

«መንገድ ላይ አይነዳም እማዬ። በፒካፕ ተጭኖ ነው የሚሄደው። የምነዳው ዝግ የሆነ ሜዳ ውስጥ ብቻ ነው።»

እዚያ ያለው ነገር እንዲህ ነው። የስፖርት ሞተር ያላቸው ሰዎች ከፍለው ቀኑን ሙሉ በተዘጋ የውድድር ሜዳ ላይ ይነዳሉ። ውድድር አይደለም፤ ሽልማት የለውም። እንደ ችሎታቸው ጀማሪ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብለው ይከፈሉና እያንዳንዱ ቡድን በየተራው 20 ደቂቃ ያህል ይዞራል። ልጄ የሚሄደው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት ወደሚባለው ቦታ ነው፤ ከቤታቸው በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ዋናው መሮጫ ዙሪያው 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 10 መታጠፊያዎች አሉት። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ እግረኛ የለም፣ አህያ የለም፤ አምቡላንስ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ልጄ አምቡላንሱን የነገረኝ ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ደግሞ «አምቡላንስ የሚቆምበት ምክንያት ቢኖር ነው» አልኩ በሆዴ።

ቃሌን ላወጣ የነበረው በማግስቱ ቡና ላይ ነበር። ምራቴ አፍልታ አቦሉን ቀድታለች፤ ዓይኗ «አሁን ይናገሩ» ይለኛል። ልጄ ሲኒውን በቀኝ እጁ ተቀበለ፤ ወዲያው ወደ ግራው አዛወረና የቀኝ ጣቶቹን እንደ ረጠበ እጅ አራገፋቸው። አንዴ ቢሆን አልፈው ነበር። ሁለተኛ አራገፈ። ሦስተኛ።

ጡረታ ወጣሁ እንጂ ዓይኔ ጡረታ አልወጣም። «የትኞቹ ጣቶችህ ናቸው?» አልኩት።

«ምን?»

«የሚደነዝዙህ። አውራ ጣትህ፣ ሌባ ጣትህና መሐል ጣትህ ናቸው ወይስ ትንሿና የቀለበት ጣትህ?»

ምራቴ ተገርማ አየችን። እሱም «የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ» አለ፤ ጥያቄዬ እንጂ መደንዘዙ ያሳሰበው አይመስልም።

እዚህ ላይ ትንሽ የጤና ነገር ልንገራችሁ፤ ሞተር ለማይነዳውም ይጠቅማልና። ወደ እጃችን መዳፍ የሚወርዱ ሁለት ዋና ዋና ነርቮች አሉ። አንደኛው በአንጓው መሐል፣ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ መሐል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ያገለግላል። ሁለተኛው በትንሿ ጣት በኩል ወርዶ ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ቀሪ ግማሽ ያገለግላል። አንጓ ለረጅም ጊዜ ወደ ኋላ ታጥፎ ክብደት ሲሸከም የመጀመሪያው ነርቭ ይጨነቃል። የመዳፍ ጠርዝ ብረት ላይ ተጭኖ ሲቆይ ሁለተኛው ይጨነቃል፤ ብስክሌት ነጂዎች ላይ በብዛት የሚታየው ይሄኛው ነው። ስለዚህ የትኛው ጣት እንደደነዘዘ መጠየቅ ሰውየው እጁን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ መጠየቅ ነው።

የእጆቹን ጀርባ አገናኝቶ፣ አንጓዎቹን ወደ ታች አጥፎ አንድ ደቂቃ እንዲይዝ አደረግሁት። ደቂቃው ሳይሞላ ቀኝ እጁ መንዘዝ ጀመረው። «ቡናህን ጨርስና ሞተርህን አሳየኝ» አልኩት። ምራቴ ልትከለክለው የጠራቻት ሴት ወደ ሞተሩ ስትሮጥ አይታ ምን እንዳለች እንጃ።

ሞተሩ የኋላ ጎማው ላይ በማቆሚያ ተደግፎ ቆሟል። «ውጣበትና እንደምትነዳው ሆነህ ተቀመጥ» አልኩት። እኔ ደግሞ በጎን በኩል ቆሜ አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ እንደማይ አየሁት። አልጋ ላይ የተኛን ሰው ትራሱ የት እንዳለ፣ ክርኑ ምን ላይ እንዳረፈ፣ ተረከዙን ምን እንደነካው ማየት የነርስ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ልጄ ላይ ሦስት ነገር አየሁ።

የመጀመሪያው ክንዶቹ እንደ ዱላ ቀጥ ብለው የላይኛውን አካሉን በሙሉ የተሸከሙት መዳፎቹ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው የፍሬን መያዣዋ ከፍ ብላ ስለተገጠመች ጣቶቹን ሊያሳርፍባት ሲል አንጓው ወደ ኋላ መታጠፉ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ግራና ቀኙ አለመመሳሰሉ ነው። የግራው መሪ ከቀኙ ይልቅ ወደ ታንኩ ጠጋ ብሏል፤ ጫፉም ተፍቋል።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ከማቆሚያው ተንሸራቶ ወደቀ። ቆሞ እያለ እኮ ነው፤ አልነዳሁትም።»

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብነግራት ይኸው ሞተር እንዲህ ነው ትለኛለች። ለአንቺም ያልነገርኩሽ ለዚያ ነው። በቧንቧ ትንሽ መለስ አድርጌዋለሁ፤ ይሠራል» አለኝ። የፊታችን ቅዳሜ በዚያው መሪ ሊነዳ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ልጅ የእጁን አንጓ ይዞ እኔ ወደምሠራበት ክፍል መጣ። ከሞተር ከወደቀ ሦስት ወር ሆኖታል። አባቱ ሞተር እንዳይነካ ስለከለከሉት መውደቁን ደብቆ፣ አንጓውን በጨርቅ ጠምዝዞ ከረመ። የተሰበረችው ትንሿ አጥንት ሳትገጥም ቀርታለች፤ ቀላል የነበረው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ሆነ። አባቱ አልጋው አጠገብ ቆመው «ለምን አልነገርከኝም?» እያሉ ሲጠይቁት ልጁ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። እኛ ወላጆች ግን በሽታውን እንዲደብቁ የምናደርጋቸው እኛው መሆናችንን አንዳንዴ እንረሳዋለን።

ይዤው የመጣሁትን ቃል ዋጥኩት። «ቅዳሜ ሩቅ ነው። መጀመሪያ ይሄን ብረት ፍታው» አልኩት።

አሁን እናንተም የሞተሩን መሪ እንደ እኔ ታውቁት ዘንድ ላስረዳችሁ። ሰፈር ውስጥ የምናየው ሞተር መሪው ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ወጥ ቧንቧ ነው። የስፖርት ሞተር ግን ሁለት የተለያዩ መሪዎች አሉት፤ ክሊፕ ኦን ይሏቸዋል። እያንዳንዳቸው የፊት ጎማውን ደግፎ በያዘው የአሞርዛተር ቧንቧ ላይ እንደ አምባር ዙሪያውን ይቆነጠጡና በብሎን ይጠብቃሉ። ስለዚህ አዲስ ሲገዛ መጀመሪያ የሚለካው የዚያ ቧንቧ ውፍረት ነው። የልጄ 43 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ41 የተሠራ አይገባለትም፣ ለ50 የተሠራ ደግሞ ይዋልልበታል። እጅ የሚጨብጠው ዘንግ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

መሪው ዝቅ ሲል ነጂው ወደ ፊት ይደፋል፣ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ በፍጥነት ለመታጠፍ ይህ ጥሩ ነው። ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ግን ያ ሁሉ ክብደት አንጓ ላይ ይወድቃል። ጫፎቹ ሰፋ ሲሉ ሞተሩን ማዞር ይቀላል፤ ሲጠቡና ወደ ታች ሲያዘቀዝቁ ክርን ይጨናነቃል። ልጄ ሞተሩን የገዛው ከሌላ ነጂ ነው። ያ ሰው መሪዎቹን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ፣ ጫፎቻቸውንም ወደ ታች አዘቅዝቆ ነበር የሚነዳው። ለእሱ ቁመትና ክንድ ተስማምቶት ይሆናል፤ ለልጄ ግን የሰው ጫማ ነው።

የግራው ተፈትቶ ጨርቅ ላይ ሲጋደም ልጄ በስልኩ መብራት አየው። ዘንጉ ከመቆንጠጫው ጋር ከሚገናኝበት ሥር ፀጉር የምታህል መስመር አለች። መጀመሪያ ቆሻሻ መስሎት በጨርቅ ጠረጋት። አልለቀቀችም። በጥፍሩ ዳሰሳት፤ ጥፍሩን ያዘችው። ስንጥቅ ናት።

ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገርንም። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መሪዎች የሚሠሩት ከአሉሚኒየም ነው። ሽቦ አጥፈን መልሰን፣ አጥፈን መልሰን እንደምንሰብረው ሁሉ የታጠፈ አሉሚኒየም ተመልሶ ሲቃና ከውስጥ ይደክማል። ላዩ ደህና ይመስላል። ሜዳው ላይ ከቀጥታው መንገድ መጨረሻ ፍሬን ሲያዝ የነጂው ሙሉ ክብደት የሚገፋው በዚያ ብረት ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን፣ በፈረንሳይኛ ምህጻሩ ኤፍ አይ ኤም የሚባለው፣ በውድድር ደንቡ ከቀላል ብረት የተሠራን መሪ በብየዳ መጠገን ክልክል ነው የሚለው በከንቱ አይደለም። የተጣመመ መሪ አይቃናም፣ አይበየድም፤ ይለወጣል።

ልጄ አዲስ መሪ አዘዘ። ከቀድሞው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚልና ዘንጉ ብቻ ተነጥሎ የሚለወጥ ዓይነት መረጠ፤ ቢወድቅ ሙሉውን መግዛት አያስፈልግም። ዕቃው ሲመጣ ምራቴንም ጠራናት። ስለ ስንጥቁ የነገራት እሱ ራሱ ነው። ፊቷ ተለወጠ፤ ግን አልጮኸችም። ትንሿን ልጅ አቅፋ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና «እሺ፣ አሁን ሲገጠም አያለሁ» አለች።

ያደረጉትን በየተራ ልንገራችሁ፤ ሞተር ያለው ልጅ ያላችሁ ቆርጣችሁ አስቀምጡት።

መጀመሪያ፣ ግራና ቀኙ በአንድ ከፍታና በአንድ ማዕዘን መቆማቸውን ለኩ። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ አይሆንም፤ እያፈራረቁ፣ በአምራቹ መጽሐፍ ላይ በተጻፈው ልክ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ ነው የሚጠበቁት። የላላ መሪ ይዞራል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ደግሞ ቧንቧውን ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞሩ። እጅ በታንኩና በመሪው መሐል እንዳይቀረቀር በቂ ክፍተት መኖር አለበት፤ በኤፍ አይ ኤም ደንብ ቢያንስ 30 ሚሊ ሜትር ነው። እኔም ጣቴን አስገብቼ ለካሁ።

ሦስተኛ፣ መሪው ከፍ ስላለ የፍሬን ዘይት ቱቦውና የነዳጅ ካቦው ያጥራሉ እንዴ ብለው አዩ። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ቱቦው መወጠር የለበትም። ሞተሩን አስነስተው ሲያዞሩት ሚኒሞው በራሱ ከፍ ካለ ካቦው ተወጥሯል ማለት ነው፤ ያ ማለት ነጂው ሳይፈልግ ሞተሩ ነዳጅ ይወስዳል። የነዳጅ መስጫው እጀታ ተጠምዝዞ ሲለቀቅ ደግሞ በራሱ ፍጥነት ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

አራተኛ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎችን ወደ ታች አዞሯቸው። ልጄ ተደፍቶ ሲቀመጥ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ማስመሪያ ብታስቀምጡ ቀጥ የሚል መስመር እስኪሆን ድረስ። ይህቺ ምንም ገንዘብ የማትጠይቅ ሥራ ናት። ከሁሉ በላይ ለአንጓው የጠቀመችውም እሷ ትመስለኛለች።

አምስተኛ፣ የመሪው ጫፎች በድፍን መድፈኛ ተደፈኑ፤ ክፍት ቧንቧ ሲወድቁበት ሥጋ ይቆርጣል። የእጅ መያዣው ጎማ እንዳይሽከረከር በቀጭን ሽቦ ታሰረ። የፍሬን መያዣዋ ጫፍ ድቡልቡል መሆኗንም አየን፤ እሷም በደንቡ ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር መሆን አለባት። ለምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ፤ ሹል ብረት ሆድ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ።

መጨረሻ ላይ የእኔ ተራ ደረሰ። ብረቱ ተስተካከለ፤ ሰውዬውስ? «ውጣ» አልኩት። «ታንኩን በጉልበቶችህ ቆንጥጥ። ራስህን በሆድህና በወገብህ ያዝ። ክርንህን አላላው። አሁን እጅህን ከመሪው ላይ ለአፍታ አንሳ» አልኩት። ፊት ለፊቱ ተደፋ። ሁላችንም ሳቅን፤ ትንሿም አብራን ሳቀች። ነገሩ ግን ቁም ነገር ነው። እጅ መሪውን የሚይዘው ሞተሩን ለማዘዝ እንጂ ሰውየውን ለመሸከም አይደለም። ወገቡና ሆዱ ያልጠነከረ ሰው ምንም ዓይነት መሪ ቢቀየርለት አንጓው ላይ መውደቁ አይቀርም። ማታ ማታ ሆዱን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አዘዝኩለት።

መሪውን አጥብቆ መጨበጥም ሌላው ጠንቅ ነው። ክንድ ውስጥ ያሉት ጡንቻዎች ለረጅም ጊዜ ሲጨብጡ በደም ይወጠሩና የከበባቸው ሽፋን አልላላ ይላቸዋል። ክንዱ ይደድራል፣ ጣት ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። ይህ ለጀማሪ ብቻ አይደለም፤ ስፔናዊው የሞቶ ጂፒ ተወዳዳሪ ዳኒ ፔድሮሳ በፈረንጆች 2015 በዚሁ ችግር ክንዱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል።

ለልጄ አንድ ነገር ግን ቁርጥ አድርጌ ነገርኩት። «መደንዘዙ ካልተወህ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰህ ወይም ዕቃ ከእጅህ ከጣለ ሐኪም ሳያይህ ሞተሩ ላይ አትወጣም። ፍሬኑን የማይሰማ እጅ ይዘህ በዚያ ፍጥነት አትሄድም።» ይህ «ተው» አይደለም፤ መስፈርት ነው። እሱም «እሺ» አለ፤ ከልቡ እንደሆነ ከድምፁ አወቅሁ።

ቅዳሜ ሁላችንም ሄድን። ጠዋት ማንም ከመግባቱ በፊት ሞተሮቹ ተሰልፈው ይመረመራሉ። መርማሪው ጎንበስ ብሎ መሪውን ያዘና ነቀነቀው፣ ግራና ቀኝ አዞረው፣ ነዳጁን ጠምዝዞ ለቀቀው፣ ፍሬኑን ጨበጠ። ምራቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ የሚያደርገውን ሁሉ ቀድማ ታውቀዋለች።

ሲነዳ ማየቱን ወደድኩት ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ እያንዳንዱን ዙር በጣቴ ቆጠርኩ። ተራው አልቆ ሲመጣ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ጓንቱን አወለቀና ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ጣቶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቀሰልኝ። ከዚያ ሳልነግረው መፍቻውን አንስቶ ብሎኖቹን እንደገና ፈተሸ። አዲስ የተገጠመ ነገር ከመጀመሪያው ተራ በኋላ ይፈተሻል፤ እሱም ይህን ያውቃል።

አሁን ወደ እኛ አገር ልመለስ። የእኛ ልጆች አብዛኛዎቹ ለመሮጫ ሜዳ ሳይሆን ለእንጀራ ነው ሞተር የሚነዱት፤ ዕቃ ያደርሳሉ፣ በየክፍለ ሀገሩ ሰው ያመላልሳሉ። ያቺ ሞተር የወደቀች ቀን መሪዋ በቧንቧ ተጠምዝዞ «ቀና» ተብሎ ሥራ ይቀጥላል፤ የዕለት ገቢ መቅረት የለበትማ። እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የአዲስ መሪ ዋጋ ከአንድ ቀን ሆስፒታል አይበልጥም። ልጃችሁ ከቸገረው በዚያ እርዱት።

ከወደቀ ደግሞ እጁን እዩለት። ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ነው የሚያርፈው። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲገትር ሥሩ ላይ ጎድጎድ የምትል ቦታ አለች፤ ሱረት የሚወስዱ ሰዎች ሱረታቸውን የሚያኖሩባት። እዚያ ላይ ስትጫኑት ካመመው ስካፎይድ የምትባለው ትንሽ አጥንት ተሰብራ ሊሆን ይችላል። ይህቺ አጥንት አታላይ ናት፤ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። የደም ሥሯም ቀጭን ስለሆነ ችላ ካሏት ሳትገጥም ትቀራለች። ራጁ ደህና ነው ቢባልም ሕመሙ ካለ አንጓው ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ድጋሚ ይታይ። ያ ጣራ ጣራውን ያይ የነበረው ልጅ የተጎዳው በእሷ ነው።

ወጌሻ አሽቶ ያስተካክላታል ብላችሁ አትጠብቁ። መደንዘዝም ቢሆን ሁሌ ከመሪ አይመጣም፤ ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ያመጡታልና መመርመር ይበጃል።

ልጄ ሞተሩን አልሸጠም። ምራቴም ወዳዋለች ማለት አይደለም፤ ግን ማሳደሪያው ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፋለች። መሪ፣ ካቦ፣ ቱቦ፣ ብሎን፣ ጣት ይላል። አርብ ማታ ማታ ሁለቱም አብረው ያዩታል፤ ከወረቀቱ ላይ አንዱ ካልተሟላ ቅዳሜ የለም። የተሰነጠቀውን መሪ እንዲጥለው ነግሬው ነበር፤ እሷ ግን ከወረቀቱ በላይ በምስማር ሰቅላዋለች።

እኔ ግን አሁንም ቅዳሜ ሲመጣ ሆዴ ይባባል። እዚያ ሲመሽ እዚህ ሌሊት ነው፤ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ እጠብቃለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ መልእክት ይገባል። ቃል የለውም፤ የቀኝ እጁ ፎቶ ብቻ ነው፣ አምስቱም ጣቶች ተዘርግተው።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።